የሚስ ዶሪን ወረቀትና የአያ ሙሄ ካሳ

በዕድሜዬ ሙሉ የሰረቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ወርቅ አይደለም፣ ከብት አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት የተነሳ ግን የሰፈራችን አባወራ ሁሉ ከንጋት እስከ ዓሱር ሰላት ሜዳ ላይ ታግቶ ዋለ፤ አንድ ምስኪን ሽማግሌም ሌባ ተባሉ። ልጆቼ «እማ፣ ይህን ጉድሽን ጻፊው» እያሉ ሲነዘንዙኝ ስንት ዘመን! «ባለጉዳዮቹ በሕይወት ሳሉ አይሆንም» እያልኩ ቆየሁ። አሁን ሁሉም አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የቀረሁት ሌባዋ እኔ ነኝና ልናገር።

ጊዜው በጃንሆይ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ከሚሴ ያኔ የዛሬዋን አትምሰላችሁ። በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች፣ ጥቂት ሱቆች፣ መስጊድና ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ የጨፋ ሜዳ ነው። እኔ ዜነባ እንድሪስ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል። በክፍላችን ሴቶች ሁለት ነበርን፤ ጓደኛዬ ለዓረፋ ሰሞን ተዳረችና ብቻዬን ቀረሁ። አባቴ ከሰንበቴ ገበያ በሬ እየገዛ ደሴ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ደህና ሰው ነበር፤ ግን የሰው አፍ ይፈራል። «እንድሪስ ልጁን ከወንድ ጋር አግዳሚ ላይ አስቀመጣት» የሚለው ወሬ በሬ ከሚሞትበት ይብስበት ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አንድ ነገር ይደግምልኛል።

«ዜነባ፣ አንዲት ነውር፣ አንዲት ብቻ ከሰማሁ ትምህርቱ ያበቃል። በሳምንቱ ኒካሕሽ ነው።»

አባቴ ካለ አለ ነው። ወላሂ ያደርገዋል።

በዚያ ዓመት የቦርከና ድልድይ ይጠገን ስለነበር አንድ አውስትራልያዊ መሐንዲስ ከከተማው ዳር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። እህቱ ሚስ ዶሪን ልትጠይቀው መጣችና ሦስት ወር ተቀመጠች። ቀጭን፣ ፀሐይ ያቀላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የማትሸፍን ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጣ የጽሕፈት መኪናዋን ስትቀጠቅጥ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። መምህራችን በእንግሊዝኛ ደህና ስለሆንኩ ገበያ የምታስገዛት አስተርጓሚ አድርጎ ላከኝ። አባቴም «ሴት ለሴት ነው፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ፈቀደ። ለሥራዬ የምትከፍለኝ በንባብ ነበር፤ ጠዋት የጻፈችውን ከሰዓት በኋላ ለእኔ ታነብልኛለች።

መጀመሪያ ቀን «ለማን ነው የምትጽፊው?» አልኳት።

«ለአንቺ እኩዮች።»

«ለልጆች ነዋ።»

«ልጆችስ አይደሉም።»

«እንግዲያው ለሴቶች።»

«ገና ሴቶችም አይደሉም። መሃል ላይ ላሉት ነው» አለችኝ።

እኔ መሃል የሚባል ዕድሜ መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ማታ ልጅ ሆና ተኝታ ጠዋት ሙሽራ ሆና ትነሳለች፤ መሃል የሚባል ነገር የለውም። በእሷ አገር ግን ለዚያ ዕድሜ ብቻ የሚጽፉ ስንት ሴቶች አሉ! ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ የምግብ ጠረጴዛቸውን ወልውለው እዚያው ላይ ነው የሚጽፉት። አሳታሚዎቹ ግን ከተማ ያሉ ወንዶች ናቸው። «ፈረስ ይወዳሉ፣ እርሻ ይወዳሉ፤ ልጅቷ መጨረሻ ላይ አደብ ገዝታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ በጣም ይወዳሉ» ብላ ሳቀች። «አንባቢዎቼስ? ደብዳቤ ይጽፉልኛል። አንዳንዶቹ ይሰድቡኛል።»

ያኔ የምትጽፈው መጽሐፍ ልጅ ኔል ትባላለች። እናቷ ሞታለች። ከአባቷ ጋር ሰው በማይደርስበት የበግ እርሻ ላይ ነው የምትኖረው። ዝናብ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በጉ እየረገፈ ነው። በየዓመቱ የበግ ጸጉር የሚሸልቱ ሠራተኞች መጥተው ይሰፍራሉ፤ ለእነዚያ ሁሉ ወንዶች የምትቀቅለው እሷው ናት። ኔል ግን በስርቆሽ እያጠናች ከተማ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ፈተና ትፈተናለች። ከዕለታት አንድ ቀን ማለፏን የሚነግር ደብዳቤ መጣ። አባቷ ደግሞ በዚያው ጠዋት «ዘንድሮ ሸላቾቹን የሚመግብልኝ ካጣሁ አበቃልን» ብሏል።

ሚስ ዶሪን እዚህ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው። ሐሙስ ነበር። ሰኞ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው።

«ከዚያስ? ሄደች?»

«መጨረሻውን አልነግርሽም። መጽሐፉ ሲታተም እልክልሻለሁ።»

እስኪታተም! እስኪታተም ድረስ እኔ የት እንደምሆን ማን ያውቃል? ምናልባት ሦስት ልጅ ወልጄ። ይህን ስትለኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ክፍሏ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጠጠር ተጭኖበት፣ ዓይኔ እያየ ነው።

የቤቱ ዘበኛ አያ ሙሄ ከጓሮ ተጣሩ። አያ ሙሄ ጢማቸው የነጣ፣ ዱላቸውና መስገጃቸው የማይለያቸው፣ አማርኛና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስ ዶሪን ምን ፈልገው እንደሆነ ልታይ ወጣች። እኔ ጠጠሩን አነሳሁ። ወረቀቱን ነጠላዬ ስር ከትቼ ጠጠሩን ከታች ባለው ክምር ላይ መለስኩት። ነገ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር። አምናችሁኝ ከሆነ አላህ ይስጥልኝ፤ ያኔ ግን ማንም አያምነኝም ነበር።

ዓርብ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ ሲወጣ ከጎተራው ጥላ ስር ተቀምጬ አነበብኩት። የማይገባኝን ቃል እየዘለልኩ፣ ጣቴን ከመስመር መስመር እየጎተትኩ ጨረስኩት። ኔል አልሄደችም! ደብዳቤውን ከዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ቀብራ፣ ሽርጧን ታጥቃ ለሸላቾቹ ሥጋ ትቀቅላለች። አባቷ ዱቄት ሲቀዳ ደብዳቤውን ያገኘዋል። ያነበዋል። መልሶ ይቀብረዋል። ምሳውን በልቶ ወደ በጎቹ ይሄዳል። አለቀ!

በንዴት አለቀስኩ። ወረቀቱን ነጠላዬ ስር አድርጌ ልመልስ ስገሰግስ ከሚስ ዶሪን በር ላይ ሁለት ነጭ ለባሾች፣ የመንግሥት ጠባቂዎች፣ ቆመዋል። እሷ በረንዳው ላይ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች፤ ሌላ ቅጂ የላትም። አጠገቧ የአካባቢው ሹም ቆመዋል። ወንድሟ አስተርጓሚውን ይዞ ኮምቦልቻ ሄዷል፤ መምህራችንም ደሴ ነው። ሹሙ እኔን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«መጣሽ? ነይ፣ ነይ! ምንድነው የጠፋባቸው? ንገሪኝ።»

«ወረቀት ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ወረቀት?»

«ታሪክ… የአንዲት ልጅ ታሪክ።»

ሹሙ ከልባቸው ሳቁ። «ስሚ ልጄ፤ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ከሚሴ ተቀምጦ ለልጃገረድ ተረት ይጽፋል? ሞኝሽን ፈልጊ! ወንድሟ መንገድ የሚለካ ሰው ነው። የጠፋው የመሬት ካርታ ነው። አንዱ ‹መንገዱ ማሳዬን ሊበላብኝ ነው› ብሎ አንስቶታል።»

ይህ ስህተት የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ነበር ያመነው። መሐንዲሱ ያንን ባለሦስት እግር መሣሪያውን በተከለ ቁጥር ገበሬው ሁሉ ለማሳው ይሰጋ ነበርና። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ነገሩን ስሰማ ትንፋሽ መለስኩ። ካርታ ከሆነ እኔን ማን ይጠረጥራል?

«ነገ አውጫጭኝ ነው» አሉ ሹሙ። «አንቺም ነገ ሜዳ ትመጪያለሽ። ታስተረጉሚያለሽ።»

እቤት ስገባ ወረቀቱን የት ላድርገው? ኔልን ገና ማንበቤ ነው፤ ሌላ መላ አልመጣልኝም። ከጎተራው ማሽላ ውስጥ እስከ ክርኔ አስገብቼ ቀበርኩት።

አውጫጭኝን ለማታውቁ ልጆች ላስረዳ። አንድ ነገር ሲጠፋ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎች ገለል ብለው ይቀመጡና እያንዳንዱ ሰው ምሎ፣ በተራው ቀርቦ፣ የሚያውቀውን በጆሯቸው ያንሾካሽካል። ሽማግሌዎቹም ማን እንደተናገረ አይገልጡም፤ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። የወፏን ስም መጠየቅ ነውር ነው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሰማንያ የሚሆን አባወራ ከዋርካው ስር ተኮለኮለ። አባቴም አለበት፤ ለገበያ የተዘጋጁ በሬዎቹ በረት ውስጥ ይጮኻሉ። በወንድ ጉባኤ መሃል ሴት እኔና ሚስ ዶሪን ብቻ ነን። ፀሐይዋ ወጣች። ተንሾካሾኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። አሁንም ተንሾካሾኩ። ዙህር ተሰገደ፤ ወፍ የለችም። ሰዉ ተርቧል፣ ተቆጥቷል። «የማን ሌባ ነው እህሌን ለዝንጀሮ ያስበላብኝ!» ይላል አንዱ። «እጁ ይሰበር!» ይላል ሌላው። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።

አባቴም ተራው ደርሶ ሄደ፣ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ረሃብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሽማግሌዎቹ አለቃ ሸህ አደም ተነሱ።

«ወፍ አለች» አሉ ቀስ ብለው። «ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሙሄ ከሚሲቷ ክፍል ወረቀት ይዞ ሲወጣ ታየ።»

አያ ሙሄ መጀመሪያ አልገባቸውም። ዙሪያውን ተመለከቱ። «ሙሄ የቱ? እኔ ሙሄ?» ከዚያ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ወላሂ! ቢላሂ! ታላሂ! ረቢ ያውቃል! እኔ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ፊደል አላውቅ፣ መሬት የለኝ!»

ሹሙ «እሰሩት» አሉ። «ነገ ደሴ ይላካል። ካርታውን ለማን እንደሸጠው እዚያ ይናገራል።»

አንዱ ነጭ ለባሽ ገመድ አወጣ። የሽማግሌው እጅ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ አየሁ። ሚስ ዶሪን ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን እያደረጉት ነው? ምን አሉ?»

ነገርኳት። ፊቷ ደም መሰለ።

«ውሸት ነው! ሐሙስ ከሰዓት ከጓሮ ከእኔ ጋር ዶሮ ሲያሳድድ ነበር። ተርጉሚላቸው! ሐሙስ ዕለት ከክፍሌ የገባ ማንም የለም፤ ከእኔ በስተቀርና…»

እዚህ ላይ ቆመች። አየችኝ። እኔም አየኋት። እንዳወቀች አወቅሁ፤ እሷም ማወቄን አወቀች። አልጮኸችም፤ ጣቷንም አልቀሰረችብኝም። ክንዴን ቀስ ብላ ለቀቀችና፣

«ጨርሻለሁ» አለች። «ተርጉሚ።»

ሰማንያ ሰው አፌን ያያል። «እህ፣ ምን አለች?» አሉ ሹሙ።

እንግሊዝኛውን በዚያ ሜዳ ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የፈለግሁትን ብል ማን ያርመኛል? አባቴን ፈለግሁት። ዓይኑን ከመሬት አያነሳም፤ መስበሃውን ይቆጥራል። ትምህርቴ ታየኝ፤ ደብተሬ፣ ኒካሑ፣ የማላውቀው ሰውዬ። ከዚያ የአያ ሙሄ እጅ ታየኝ። ገመዱ ሲጠብቅ «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» እያሉ ያንን ነጭ ለባሽ ይለምኑታል። አልቻልኩም።

«ወረቀቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሹሙ በንዴት ወደ ሚስ ዶሪን ዞሩ። «ራሷ ናት የደበቀችው? በመንግሥት ትቀልዳለች?»

አያችሁ? ማምለጫ ተከፈተልኝ። ዝም ብል ጉዳዩ በፈረንጇ ሊላከክ ነው፤ እሷም ሰኞ ሄዳለች። ያቺን ቅጽበት ዛሬም ሳስባት ያልበኛል።

«እሷ አይደለችም፣ ጌታዬ። እየተረጎምኩ አይደለም። እኔ ዜነባ፣ የእንድሪስ ልጅ። አያ ሙሄ ንጹሕ ናቸው። ወረቀቱ ከጎተራችን ማሽላ ውስጥ ነው።»

«ያ አላህ!» አለ አንዱ። አባቴ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጎንበስ አለ።

ነጭ ለባሹ ሮጦ ማሽላ የተነሰነሰበትን ወረቀት አመጣው። ሹሙ ገልብጠው ያዙት፣ አገላበጡት፣ ካርታ ፈለጉበት። «አንብቢ» አሉኝ። ከመሃል አንብቤ ተረጎምኩ፤ ኔል ለሃያ ሸላቾች ሥጋ ስትቀቅል።

«የምን ሸላች?»

«የበግ ጸጉር የሚሸልቱ፣ ጌታዬ።»

«በግ?» አሉ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው። ከዚያ ሜዳው በሙሉ አውካካ። ሹሙ ግን ቀሉ። ለበግ ተረት ሰማንያ አባወራ ማገታቸው አሳፈራቸው መሰለኝ፣ «አለንጋ!» ብለው ጮኹ።

ሸህ አደም በመካከላችን ገቡ። «የለም፣ ጌታው። ወፍ ያወጣችው ለመንግሥት ነው። በገዛ አፉ የወጣ ግን ለተበዳዩ ነው። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ አይጣስም። ተበዳዩ ይጠየቅ።»

ሚስ ዶሪን ምንም አልፈልግም አለች። ሸህ አደም ወደ አያ ሙሄ ዞሩ። ገመድ የበላውን እጃቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

«ካሳህን ተናገር፣ ሙሄ። በሬ ነው?»

አያ ሙሄ «በሬም አልፈልግም፤ ማርም አልፈልግም» አሉ። «እጄ የታሰረው ማንበብ በማልችለው ነገር ነው። ምን እንደሆነ ልስማው። ነገ ቤቴ ትምጣና፣ ቃል ሳታስቀር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትንገረኝ። ከዚያ አፉ እላለሁ፣ ይቅር እላለሁ፤ ወይም አልልም።»

እቤት ስንገባ አባቴ አልመታኝም። አልተናገረኝምም። እናቴ «ምነው ዝም አልክ፣ አንተ ሰው? ትምህርቷስ?» ስትለው ተነስቶ ወደ በረት ሄደ። ያ ዝምታ ከአለንጋው ባሰብኝ፤ የኒካሑን ቀን እየቆረጠ ነው ብዬ ነበር።

እሁድ ጠዋት ከአያ ሙሄ ግቢ ቁርበት ተነጥፎ፣ ጫት ተዘርግቶ ጠበቁን። አያ ሙሄና ባለቤታቸው፣ ሸህ አደም፣ አባቴ፣ ሚስ ዶሪንም አለች። ምስኪን! ለልጃገረዶች የጻፈችውን መጽሐፍ መጀመሪያ የሰሙት ጫት የሚቅሙ ሽማግሌዎች ናቸው።

ቆሜ ጀመርኩ። አያ ሙሄ ግን ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አይደሉም።

«ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ዱዓ አያደርጉም?»

«አልተጻፈም፣ አያ ሙሄ።»

«ጎረቤትስ የለም? ይቺ ሕፃን ለሃያ ወንድ ብቻዋን ስትቀቅል?»

«ጎረቤት ሩቅ ነው። የግማሽ ቀን መንገድ።»

«የምን አገር ነው! ደሞ በስርቆሽ ነው የምትማረው?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። «ይቺስ አንቺን ነው የምትመስለው።»

እየዋለ ድምፄ ጠነከረ። በአማርኛ ሲያቅተኝ በኦሮምኛ፣ ሁለቱም ሲያቅቱኝ በእጄ። ደብዳቤው ሲመጣ የአያ ሙሄ ባለቤት «ኢንተላ ኮ! ልጄን!» ብለው አጨበጨቡ። ከዚያ መጨረሻው ደረሰ። ልለውጠው አሰብኩ፤ ግን ቃል ሳታስቀር ተብያለሁ። ኔል ደብዳቤውን ዱቄት ውስጥ ቀበረች አልኩ። አባቷ ዱቄት ሲቀዳ አገኘው፣ አነበበው፣ መልሶ ቀበረው አልኩ።

አያ ሙሄ «ከዚያስ?» አሉ።

«አለቀ።»

«አይቶ ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

«ልጁ ስትጠፋ እያየ?»

«እያየ፣ አያ ሙሄ።»

«እህ፣ ይሄ አባት ነው?»

አባቴ ተነሳ። ሊሄድ መስሎኝ ነበር። ከግቢው ካብ ላይ ትልቅ ድንጋይ መዘዘ፣ ማጅራቱ ላይ ተሸከመው፣ መጥቶ ከአያ ሙሄ እግር ስር ተንበረከከ። ይቅርታ ፈላጊ በእኛ አገር እንዲህ ነው። ስለ እኔ መስሎኝ «አባዬ፣ ተው» አልኩ።

«ወፏ እኔ ነበርኩ» አለ አባቴ።

ሸህ አደም ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው ያውቁ ነበርና።

«ዓርብ ማታ ለበሬዎቹ ማሽላ ልቀዳ ስል እጄ ወረቀት ነካ» አለ አባቴ። ላቡ ከአፍንጫው ይንጠባጠባል። «የማን እንደሆነ አወቅሁ። መልሼ ቀበርኩት። ልጄን አሳልፌ ልሰጥ ነው? ስለዚህ እርስዎን ሰጠሁ። ልጅ የላቸውም፣ መሬት የላቸውም፣ ማን ይጮኽላቸዋል ብዬ። አፉ በሉኝ፣ አያ ሙሄ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የሰው አፍ የሚፈራው አባቴ!

«ማል ጄቴ? ምን አለ?» አሉ የአያ ሙሄ ባለቤት፤ ሰምተው ነበር፣ ግን ማመን አልፈለጉም። አያ ሙሄ ግን አባቴን ከነድንጋዩ ትተውት ጫታቸውን ከጎናቸው አኖሩ። የአባቴ ክንድ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማንም «አውርድ» አላለውም፤ የማለት መብቱ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም ነበር፣ አያ ሙሄ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንድሪስ፣ ስማኝ። አንተ ለልጅህ ብለህ እኔን ሸጥክ። ልጅህ ለእኔ ብላ ራሷን ሸጠች። አንተን አፉ የምልህ በእሷ ነው። ትማር። ከትምህርት ቤት ያስወጣሃት ቀን፣ ወይም ሳትጨርስ የዳርካት ቀን፣ ይቅርታዬ ይነሳ፤ ይህንንም ድንጋይ በአኺራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ ተሸክመህ አግኘኝ። እስክትጨርስ ድረስ ዋሷ እኔ ነኝ። አሁን አውርድ።»

አባቴ ድንጋዩን አውርዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሸህ አደም ፋቲሓ አደረጉ።

ሚስ ዶሪን እጄን ይዛ «ምን አሉ? ሁሉንም ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ማስታወሻዋን አውጥታ ነበር፤ ግን ሳትጽፍ ቀረች። «ልጅቷን ቤት ያስቀራት አሳታሚዬ ነው» አለችኝ። «አባትየውን ዝም ያሰኘሁት ግን እኔው ነኝ። መፍትሔ ስላጣሁለት ነው።» አሥራ ዘጠኙን ገጽ ከእነማሽላ ሽታው ሰብስባ ሰኞ ሄደች። መጽሐፉ ይታተም አይታተም አላውቅም፤ አልደረሰኝም። አድራሻዬን ጽፌላት ነበር። ብዙ ጊዜ ተቀይሜያታለሁ፤ ብዙ ጊዜም ይቅር ብያታለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በዚያ በመሃል ዕድሜ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ዜነባ ጀግና ነበረች ብላችሁ እንዳትሄዱ። ጀግና ብሆን ዓርብ ዕለት በሩ ላይ እናገር ነበር፤ ሽማግሌው እጃቸው እስኪታሰር አልጠብቅም ነበር። እኔን የለወጠኝ ድፍረቴ አይደለም። ሩቅ አገር ያለች ሴት ለማታውቀኝ ለእኔ ብላ የጻፈችው ነገር የገዛ አባቴን አፍ ሲያስከፍት ማየቴ ነው። ከዚያ ወዲያ ተረት ነው ተብሎ ሲናቅ ስሰማ እናደዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼን «መጨረሻው ካልጣማችሁ ለደራሲው ጻፉና ስደቡት» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። አባቶችም ካነበባችሁ፣ እባካችሁ፣ አይታችሁ ዝም አትበሉ።

ትምህርቴን ስምንተኛን ከሚሴ፣ ቀሪውን ደሴ ጨረስኩ። ለጋብቻ ሽማግሌ በተላከብኝ ቁጥር አባቴ «ልጅቷ የእኔ አይደለችም፤ ከአያ ሙሄ ጋር ጨርሱ» ይላል። ይሄዳሉ፤ አያ ሙሄ በዱላቸው ያባርሯቸዋል። ከመምህራን ማሠልጠኛ በተመረቅሁበት ክረምት አያ ሙሄ መታመማቸውን ሰምቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ሄድኩ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። እጄን ዳስሰው አወቁኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ አያ ሙሄ። አስተማሪ ሆንኩ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «እንግዲህ ሂጂና ለአባትሽ ንገሪው» አሉኝ። «ሙሄ ከድንጋዩ ለቅቆሃል በይው። ዛሬ ጨርሼ ለቅቄዋለሁ።»

አባቴን ከወንዙ ዳር በሬ ሲያጠጣ አገኘሁት። ነገርኩት። ገመዱን ለቀቀና ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ በሬዎቹ ጠጥተው በራሳቸው ወደ ቤት እስኪመለሱ ድረስ አለቀሰ።